ዳውንሪገር በትንሽ ጀልባ ላይ፦ መጀመሪያ የሚበጠሰው ምን ይሁን?

ዳውንሪገር የሚባለውን የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ጀልባዬ ላይ እንዴት ልሰረው የሚለውን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ባለ መወያያ ገጽ የለጠፍኩት እሁድ ማታ ነው። የምኖረው ገላን ነው። ግቢዬ ውስጥ 4 ሜትር ከ20 የምትረዝም የፋይበር ግላስ ጀልባ በተጎታች ላይ ቆማለች፤ ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት አለው። ውጭ ያለው ታናሽ ወንድሜ በእጅ የሚዞር ዳውንሪገር በሰው ላከልኝ። ዕቃውን አይቶ የማያውቅ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ጻፍኩ። የሽቦ ገመድ የተጠቀለለበት መዘውር ነው። ከመዘውሩ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክንድ ይወጣል፤ ከክንዱ ጫፍ 4 ወይም 5 ኪሎ የሚመዝን ኳስ ይንጠለጠላል። የማጥመጃ ክርህን ኳሱ አጠገብ ባለች መቆንጠጫ ታስይዛለህ። ቆጣሪውን እያየህ ኳሱን እፈልገዋለሁ ያልከው ጥልቀት ድረስ ታወርዳለህ፤ ከዚያ ጀልባዋን ቀስ አድርገህ ትነዳለህ። ዓሣ ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫዋ ይላቀቃል፣ አንተም ያለ ኳሱ ክብደት በዘንግህ ብቻ ትታገለዋለህ።

ጥያቄዬ አንድ ነበር። የት ልሰረው፣ እንዴት ልሰረው? ሐሳቤ የጀልባዋን የጎን ጠርዝ በትራፓኖ በስቼ በአራት ብሎን ማሰር ነበር። ግን ፈርቻለሁ። አምና ላንጋኖ ላይ በቪቲ ያሰርኩት የዘንግ ማቆሚያ ከነፋይበሩ ተገንጥሎ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ ዘንጉም አብሮት ሄደ። ያን ቀን ጠርዙ ላይ የቀረውን ቀዳዳ እያየሁ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር፤ 19 መልስ መጣ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው በራሴ ቃል ላሰፍረው።

1ኛው መልስ በጣም ትሁት ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ። ብሎን መጥፎ አይደለም፣ ጥፋቱ ከታች ያለው ነገር ነው አለ። ዳዶና ትንሽ ሮንዴላ ብቻ ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ አንድ ሳንቲም በምታክል ቦታ ላይ ይወድቃል። ከጠርዙ በታች ሰፋ ያለ ደጋፊ ሰሌዳ አስገባ፣ ብሎኖቹም ስቴንለስ ይሁኑ ብሎ መከረኝ።

2ኛው ደግሞ ከእኔ ጥያቄ በፊት መጠየቅ የነበረበትን ጠየቀ፦ ምን ዓሣ ልታጠምድበት ነው? ዕቃው ስሙን ያገኘው በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ነው። እዚያ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ኮሆ ሳልሞን ተለቀቀ። ሳልሞን ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ በበጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ አጥማጁም ተከትሎት ለመውረድ ይህን ዘዴ አጠናከረ። የእኛ ቆሮሶ ግን በአብዛኛው የሚበላው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው፣ የሚጎተት ማባበያ ብዙም አያባርርም። አምባዛና ቢልጫ ግን ይነክሳሉ። ትልቁ አዳኝ ናይል ፐርች ከፈለግክ አባያና ጫሞ ድረስ መሄድ አለብህ አለ፤ ከእኔ ግቢ አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ቢሆንም ልክ ነው።

3ኛው የፋይበር ግላስ ባለሙያ ነው፤ ቃሊቲ አካባቢ የውሃ ታንከርና የመኪና አካል ይሠራል። ከሁሉም ረዥሙን የጻፈው እሱ ነው፣ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት የእሱን ነው። ጠርዟን በእጅህ አንኳኳት አለ። ድፍን ድምፅ ከሰጠች ወፍራም ፋይበር ናት። ባዶ ድምፅ ከሰጠች ውስጧ እንጨት ወይም ፎም አለ፣ ብሎኑን ስታጠብቀው ትጨፈለቃለች፣ በቀዳዳው በኩል ውሃ ይገባና እንጨቱ ይበሰብሳል። መፍትሔው ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍቶ መብሳት፣ በኤፖክሲ መሙላት፣ ሲደርቅ ኤፖክሲውን ራሱን በብሎኑ ልክ እንደገና መብሳት ነው። ላዩ እንዳይፈነጥር ፕላስተር ለጥፈህበት ብሳ። ሲልከን አትጠቀም፣ ይላጣል። ለጀልባ የሚሆነው ፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ነው፤ እሱን ደግሞ የመኪና መስታወት የሚገጥሙ ሰዎች ዘንድ ታገኘዋለህ፣ የፊት መስታወት የሚጣበቀው በእሱ ነው። እኔ ይህን ማጣበቂያ ከውጭ ላስመጣ አስቤ ነበር! ለካ በየቀኑ የማልፍበት ሱቅ ውስጥ አለ።

4ኛው በሁለቱም አልተስማማም። ምንም አትብሳ አለ። ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ወፍራም ሳንቃ አጋድም፣ ሳንቃውን በሞርሳ ቆንጥጠህ እሰረው፣ ዳውንሪገሩን ሳንቃው ላይ ግጠመው። ጫናው በሁለቱም ጎን ይከፋፈላል። ካልወደድከው ታወርደዋለህ፣ ጀልባዋም ሳትበሳ ትቀራለች። 3ኛው ወዲያው መለሰለት፤ ሞርሳ በንዝረት ይላላል፣ በየሰዓቱ ካልተጠበቀ ሳንቃው ከነዕቃው ይሄዳል አለው። እዚህ ላይ ንግግሩ ትንሽ ሞቀ። ሁለቱም ግን ዕውቀት ይዘው ነው የሚከራከሩት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የምከታተለው።

5ኛው ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ። ሰው ዘይት በወረፋ እየገዛ እናንተ ስለ ዓሣ መጎተቻ ታወራላችሁ አለ። አልመለስኩለትም። ቅሬታው እውነት አለው፤ ከዚህ ጥያቄ ጋር ግን አልተገናኘልኝም።

6ኛው ነው ነገሩን የገለበጠው። ሁላችሁም የምታሰሉት የኳሱን ክብደት ነው አለ። ኳሱ 4 ኪሎ ነው፣ ክንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ይህን ማንኛውም ጠርዝ ይሸከማል። ኳሱ ድንጋይ ወይም የሰመጠ ግንድ ሥር ሲያዝስ? ያኔ ክንዱን የሚስበው የጀልባዋ ጉዞ ነው። ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣው የሽቦ ገመድ እስከ 68 ኪሎ ሳይበጠስ ይችላል። ይህ የኳሱን 17 እጥፍ ነው፣ ያውም በ60 ሳንቲ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ። ብሎንህ ከጠነከረ ጠርዙ ይነቀላል። ጠርዙም ከጠነከረ ጀልባዋ ወደ ጎን ትደፋለች፣ ወይም ኋላዋ ተይዞ ማዕበል ይገባባታል። ስለዚህ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚበጠሰው ምን እንደሆነ አንተ አስቀድመህ ምረጥ አለኝ። ምርጫውንም ነገረኝ። በሽቦ ገመዱና በኳሱ መካከል ቀጠን ያለ ክር አስገባ፣ 20 ወይም 25 ኪሎ ላይ የሚበጠስ። የመዘውሩን ፍሪሲዮን አላልተህ ተው፣ ከኳሱ ትንሽ በለጥ ባለ ጉልበት ሲሳብ ገመዱን ይልቀቅ። ኳሱ ሲያዝ ገመዱን ከመንካትህ በፊት ሞተሩን ፎሌ አድርገው። ሽቦ መቁረጫ ፒንሳም ከወንበርህ ሥር ታስሮ ይቀመጥ፣ ሳጥን ውስጥ አይደለም።

ላንጋኖ ላይ የደረሰብኝ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። የዘንግ ማቆሚያውን የነቀለው ዓሣ አልነበረም። መንጠቆው ተይዞ እኔ መንዳቴን ቀጥዬ ነበር።

7ኛውን የጻፉት ቆቃ ላይ ረዥም ዘመን በማጥመድ የኖሩ አባት ናቸው። በልጃቸው ስልክ ነው የሚጽፉት። ቁጡ ነበሩ፣ ምክንያትም አላቸው። መረባችንን ማታ እንዘረጋለን፣ ንጋት ላይ እናነሳለን አሉ። ምልክቱ ባዶ ሃይላንድ ነው፣ ማዕበል ካለ ከሩቅ አይታይም። 4 ኪሎ ብረት ከታች እየጎተተ የሚያልፍ ሰው መረቡን ቀዶ ይሄዳል፤ እሱ ኳስ አጣሁ ይላል፣ እኛ የወር ቀለባችንን። የሚበጠስ ክር ያልከውም ለጀልባህ እንጂ ለእኛ መረብ አይጠቅምም ብለው 6ኛውን ቀጥታ ነቀፉት። ደግሞ ቆቃ ግድቡ ሲሠራ ውሃው መሬት ላይ የተኛ ነው፣ ሥሩ ግንድ አለበት፤ አዋሽ የሚያመጣው ደለልም ዓመት በዓመት እየሞላው ነው፣ ምን ጥልቀት አለና ነው ወደ ታች የምትወርደው አሉኝ።

8ኛው የእኔ ነው። አባቴ፣ ልክ ነዎት አልኳቸው። ቆቃ ላይ አላወርደውም ብዬ እዚያው ቃል ገባሁ። አንዳንዶች ቶሎ እጅ ሰጠህ ብለውኛል። መረብ ስንት ብር እንደሆነ፣ ለመጠገንም ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

9ኛው ከቢሾፍቱ ነው፣ የውሃ ጥናት የተማረ ይመስላል። ጥልቀት ከፈለግክ አጠገብህ አለ አለ። ባቦጋያ 65 ሜትር ይደርሳል፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87፣ ሆራ 38። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆኑ ከዳር ገባ ሲሉ ገደል ናቸው። ዝዋይ ግን በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ነው፣ እዚያ ዳውንሪገር ይዞ መሄድ ድካም ነው። ቀጥሎ የጻፈው ብዙዎቻችንን አስደነቀን። የእነዚህ ጉድጓድ ሐይቆች ውሃ በፀሐይ ወራት ይደራረባል፤ ሞቃቱ ላይ ይሆናል፣ ቀዝቃዛው ታች ይቀራል፣ አይቀላቀሉም። ታች ያለው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቅበታል። ዓሣ እዚያ መኖር አይችልም። 65 ሜትር ስላለ 40 ሜትር ብታወርድ ባዶ ቤት ታንኳኳለህ። በላይኛው ሽፋን፣ ከዳር ባለው ቁልቁለት አፋፍ ላይ አጥምድ አለኝ።

10ኛዋ እህት ይህንን በዓይኗ አይታለች። ያደገችው ቢሾፍቱ ነው። በብርዱ ወራት፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ አንዳንድ ዓመት ጠዋት ሲነሱ የሞተ ዓሣ ዳሩን ሞልቶት ያገኙ ነበር። ሰው መርዝ ተጨመረ ይል ነበር። ለካ ላዩ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ ታች የነበረው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ይወጣና ዓሣውን ያፍነዋል። የ9ኛውን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ለእናቷ ደውላ እንደነገረቻት ጻፈች። ይህቺን መልስ ወደድኳት።

11ኛው ርቀት ለምን ትቆጥራለህ፣ አባ ሳሙኤል አፍንጫህ ሥር አለልህ አለ። 12ኛው ተቆጣ። የአዲስ አበባ ወንዞች የሚያመጡት ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ውሃ ላይ ሂድና አጥምድ ትለዋለህ ወይ? እምቦጩስ ጀልባ ያሳልፋል ወይ? ሁለቱ ስድስት ሰባት ጊዜ ተመላለሱ፣ የገጹ ተቆጣጣሪ አሳጠረላቸው። እኔ በ12ኛው እስማማለሁ። እዚያ የተጠመደ ዓሣ ለልጆቼ አላበላም።

13ኛው ስለ ኳስ ነው። ጎሚስታ ቤቶች ለጎማ ሚዛን የሚለጥፉትን አሮጌ እርሳስ ሰብስበህ በድስት አቅልጠህ አፍስሰው አለ። 14ኛዋ ነርስ ናት፣ ወዲያው አስቆመችው። የእርሳስ ጢስና ብናኝ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ ግቢ ውስጥ ልጅ ካለ እንዳታስበው አለች። ሦስት ልጆች አሉኝ። ብረት ይሻላል ተባለ። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ለተመሳሳይ ኪሎ ኳሱ ይተልቃል፣ ውሃም ይበልጥ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህን የጨመረው ያው 6ኛው ነው፣ ስሌት ሲያገኝ አይተውም። ገመዱ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ካዘነበለ ቆጣሪው 20 ሜትር ቢልህም ኳሱ ያለው 17 ሜትር ገደማ ላይ ነው አለ። በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙ አትለፍ። ኳሱን ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ የስፖርት ክብደት ላይ ቀለበት አስበይጄ ጨረስኩት።

15ኛው፣ 16ኛውና 17ኛው ሁዳዴ ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው ተጣሉ። ማንም ማንንም አላሳመነም። ከመሀሉ ግን የቆቃው አባት ብቅ ብለው አንድ ቁም ነገር ጣሉ። በጾም የዓሣ ዋጋ ይወጣል፣ መረቡም ይበዛል፣ ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት የትኛውም የአጥማጅ ሐይቅ ላይ ምንም ነገር እየጎተታችሁ አትምጡ አሉ። በዚህ ጊዜ አልተቆጡም ነበር።

18ኛው ሞተር አዋቂ ነው። ባቦጋያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 15 የተባለው ሞተርህ እዚያ 12 ነው አለ። ሳንቃ፣ ኳስ፣ ሁለት ሰው ስትጨምር ይከብደዋል፣ ፕሮፔለሩን ዝቅ ባለ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት በሚገፋው ርቀት) ቀይረው። ሲታጠፉ ደግሞ ሰፋ አድርጎ መታጠፍ ነው። ጠባብ ከታጠፍክ በመታጠፊያው በኩል ያለው ገመድ ወደ ፕሮፔለሩ ይመጣል። ከኋላ ጥግ ትንሽ ወደ ፊት አድርገህ እሰረው፣ ክንዱ ወደ ጎን ይውጣ። የት ልሰረው ላልኩት ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ያገኘሁት ከዚህ ሰው ነው፣ ያውም 18ኛ ላይ።

ቅዳሜ 3ኛው ራሱ ከቃሊቲ ግቢዬ መጣ። ጠርዟን አንኳኳ፣ ባዶ ድምፅ ሰጠች። ትንሽ ዝም ብሎ፣ የ4ኛው ሳንቃ ይሻልሃል አለኝ። በክርክሩ ላይ ያን ያህል የሞገተ ሰው እንዲህ ማለቱ ትልቅነት ነው። የጥድ ሳንቃ አመጣን። ሞርሳው እንዳይላላ በሁለት ሁለት ዳዶ አጠበቅነው፣ ከሥሩም ጠርዙን እንዳይበላው የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አደረግን። ሳንቃው ሾልኮ እንዳይሄድ በገመድ ከወንበሩ ጋር አሰርነው።

ውሃ ላይ ከመውረዳችን በፊት ግን ፈተንነው። ክንዱ ጫፍ ላይ 25 ኪሎ የሚችለውን ክር አስረን ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠለጠልን። ጀልባዋ በተጎታቹ ላይ ትንሽ አዘነበለች፣ ክሩ ቻለ። ሁለተኛ ጀሪካን አሰርንበት። ክሩ ጠብ አለ፣ ጀሪካኖቹ መሬት ወደቁ፣ ልጆቹ ጮኹ። ሳንቃው ንቅንቅ አላለም፣ ሞርሳዎቹም እንደነበሩ ናቸው። 3ኛው ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰና ስንጥቅ የለም አለ።

እሁድ ባቦጋያ ወረድን፣ በር ያለውን ሰው አስፈቅደን። ኳሱን 6 ሜትር ላይ አድርገን ቁልቁለቱን ይዘን ሁለት ሰዓት ያህል ነዳን። አንድ አምባዛ ነከሰ፣ ክሩ ከመቆንጠጫው ሲላቀቅ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲነሳ አየነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ አመለጠን። አንዴ ኳሱ ድንጋይ ያዘው። ፎሌ አደረግኩ፣ ፍሪሲዮኑ ገመድ ለቀቀ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን ከላይ ስንስበው ወጣ። ፒንሳውን አልተጠቀምኩም።

19ኛው መልስ የመጣው ማታ ፎቶውን ከለጠፍኩ በኋላ ነው፣ ልክ ጠየቀኝ። የእኔ ጀልባ ስፋቷ 1 ሜትር ከ55 ነው። ሳንቃው 1 ሜትር ከ75 ርዝመት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞርሳ። የአንተን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለካና በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምር። ሐይቁ ሶዳ ያለበት ከሆነ አሉሚኒየም ሰሌዳ አትጠቀም፣ ውሃው ይበላዋል።